የስኳር ሕመምተኞች ለዓይን ምርመራ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ ናቸው? ጥናቱን ከጥያቄው እስከ ዋጋ ትመናው የማካሄድ ዝርዝር መመሪያ

የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች «ለዓይን ምርመራ ምን ያህል ይከፍላሉ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በዚህ ርእስ የሚሠሩ ብዙ ጥናቶች ወደ ትንተና ሳይደርሱ፣ ገና ጥያቄው ሲነሣ ይበላሻሉ። ታካሚው ምን እንደሚያገኝ በውል ሳይነገረው ዋጋ እንዲጠራ ይጠየቃል፤ «ምንም አልከፍልም» ያለ ሁሉ፣ ያጣውም የተቆጣውም፣ በአንድ ዜሮ ይመዘገባል፤ በመጨረሻም የሁሉም መልስ ተደምሮና ተካፍሎ የወጣው አማካይ የአገልግሎቱ ዋጋ ይሆናል። በዚህ ዋጋ ምክንያት ሳይመረመር የሚቀር ሰው ዓይኑን ሊያጣ ስለሚችል ጥፋቱ በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። የሚከተለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ለጤና ባለሙያዎች፣ የመመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ ተማሪዎችና የምርመራ ክፍያ እንዲተምኑ ለተመደቡ ሰዎች ነው።

ደረጃ 1፦ መልሱ ለየትኛው ውሳኔ እንደሚያገለግል ይጻፉ

መጠይቅ ማዘጋጀት ከመጀመርዎ በፊት «ይህ ጥናት ሲያልቅ እገሌ የተባለው አካል ይህን ይወስናል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይሙሉ። ውሳኔው ታካሚው በእያንዳንዱ ምርመራ የሚከፍለውን ዋጋ መተመን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ምርመራው በነጻ ወይም በድጎማ እንዲሰጥ ማሳመን፤ ወይም በሐኪም የሚደረገውን ምርመራና በሬቲና ካሜራ (የዓይንን ጀርባ በሚያነሣ ካሜራ) የሚነሣውን ፎቶ ማወዳደር። ለመጀመሪያው በየዋጋው ስንት ሰው እንደሚቀር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው እጅ ያጠራቸው ታካሚዎች ተለይተው መታየት አለባቸው፤ ለሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ አገልግሎቶች በአንድ መጠይቅ ጎን ለጎን መቅረብ አለባቸው። ዓረፍተ ነገሩን መሙላት ካልቻሉ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

ደረጃ 2፦ ታካሚው የሚገዛውን ነገር በትክክል ይግለጹ

ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጊዜ ሊወስድብዎ የሚገባው ይህ ነው። ሰው ያልገባውን ነገር ዋጋ ሲጠየቅ የሚናገረው ቁጥር በጠያቂው ፊት እንዳያፍር የሚሰጠው መልስ ብቻ ነው። በተለይ የስኳር ሕመም በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲጀምር ስለማያምምና እይታንም ስለማያደበዝዝ፣ ደኅና የሚያይ ሰው ለምን እንደሚመረመር ካልተነገረው ምርመራውን መነጽር ከመለካት ለይቶ አያየውም።

መግለጫውን ጠያቂው በራሱ አባባል እንዲናገረው አይተዉት፤ ለሁሉም ታካሚ ቃል በቃል የሚነበብ አንድ ጽሑፍ ያዘጋጁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የስኳር ሕመም በዓይን ጀርባ ያለውን፣ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ክፍል የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ሲጀምር ሕመም የለውም፤ እይታም ደኅና ሊሆን ይችላል። የስኳር ሕመም ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ 35 በሚሆኑት ላይ ይህ ጉዳት በተለያየ ደረጃ ይገኛል፤ 10 የሚሆኑት ደግሞ እይታቸውን አደጋ ላይ የሚጥል ደረጃ ላይ ናቸው። ለምርመራው የዓይን ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግልዎታል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቀው የዓይንዎ ጀርባ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት በቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝብዎታል፤ ብርሃን ያስቸግርዎታል፤ መኪና መንዳትም የለብዎትም። ጉዳት ከተገኘ እንደ ደረጃው በቅርብ ክትትል ይያዛል፣ ወይም በሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይታከማል። ሕክምናው በአብዛኛው የሚረዳው ያለውን እይታ ለማቆየት ነው፤ የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። አሁን የምጠይቅዎት ስለ ምርመራው ዋጋ ብቻ ነው፤ ሕክምና ቢያስፈልግ ክፍያው ሌላ ነው።»

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት 35 እና 10 በበርካታ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው የሰጡት ግምት ነው፤ በምትሠሩበት ቦታ የታመነ ቁጥር ካለ በዚያ ይተኩት። በመቶኛና በክፍልፋይ ከመናገር ይልቅ «ከ100 ሰዎች ይህን ያህሉ» ይበሉ፤ ያልተማረም የተማረም ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል።

ሕክምናው ሌላ ክፍያ እንዳለው የሚናገረውን የመግለጫውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በምንም ምክንያት እንዳያስቀሩት። እኔ ራሴ በተሳተፍኩበት አንድ ጥናት ይህ ዓረፍተ ነገር አልነበረም፤ ከፍ ያለ ዋጋ የጠሩ ታካሚዎችን ተመልሰን ስናነጋግር አንዱ «በዚህ ዋጋ ሌዘሩም የሚሠራልኝ መስሎኝ ነው» አሉን፤ ሌሎችም እንደዚሁ። ለሳምንታት የሰበሰብነው መረጃ የአንድ አገልግሎት ዋጋ ሳይሆን የሁለት ሆኖ ተገኘ፤ ለይተን ልናወጣውም አልቻልንም።

ስለ ድግግሞሹም ይናገሩ። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ሕመሙ ከጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ምርመራ እንዲያደርግ ይመከራል፤ ከዚያ በኋላ ምርመራው በአብዛኛው በየዓመቱ ይደገማል፣ ጉዳት ካልታየና ስኳሩ በቁጥጥር ሥር ከሆነ ሊራዘም፣ ጉዳት ከታየ ደግሞ ሊቀራረብ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል የመሰለውና በየዓመቱ እንደሚከፈል ያወቀ ሰው የሚሰጡት ዋጋ አንድ ሊሆን አይችልም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ካልተመረመሩ ይታወራሉ» ብለው አይጻፉ። አነጋገሩ እውነት አይደለም፤ ጉዳቱ ያለበት ሰው ሁሉ ዓይነ ስውር አይሆንም። ከዚህም በላይ ታካሚው በፍርሃት የሚጠራው ዋጋ ቤቱ ገብቶ ሲያስበው የማይደግመው ዋጋ ነው።

መግለጫው ካልገባ፦ ካነበቡ በኋላ «ጉዳት ቢገኝ የሌዘሩ ክፍያ በዚህ ውስጥ አለ ወይስ የለም?» እና «ደኅና የሚያይ ሰው መመርመር ያስፈልገዋል?» ብለው ይጠይቁ። ከሁለቱ አንዱን ከሳቱ ጽሑፉን አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙላቸው፤ አሁንም ካልገባቸው ጥያቄውን ይቀጥሉ፤ ነገር ግን በቅጹ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ትንተናውንም እነሱን አካትተውና አውጥተው ሁለት ጊዜ ይሥሩ።

ደረጃ 3፦ ከክፍያው ውጭ ያለውን ወጪ አስቀድመው ይጠይቁ

ታካሚው ለዓይን ምርመራ የሚያወጣው ገንዘብ በገንዘብ ተቀባዩ መስኮት የሚከፍለው ብቻ አይደለም። የመጓጓዣ፣ ከሥራ የሚቀርበት ቀን፣ ጠብታው ዓይኑን ስለሚያደበዝዘው ይዞት የሚመጣው ሰው መጓጓዣና የሥራ ቀን ጭምር አለበት። እነዚህን ከዋጋው ጥያቄ በፊት አንድ በአንድ ይጠይቁና ይመዝግቡ። ይህን ማድረግ ሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ታካሚው ዋጋ ሲጠየቅ ሙሉ ወጪውን በልቡ ይዞ ይመልሳል፤ እርስዎም ከሩቅ የሚመጡት ለምን ዝቅተኛ ዋጋ እንደሰጡ ለማስረዳት ቁጥር ይኖርዎታል። ብዙ ጊዜ ሩቅ ነዋሪው «ፈቃደኝነቱ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፍበታል፤ እውነታው ግን በር ላይ ሳይደርስ ከፍሎ የጨረሰ መሆኑ ነው።

ደረጃ 4፦ ማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ እንደሚከፍል ይወስኑ

ክፍያው በእያንዳንዱ ምርመራ ከኪስ የሚወጣ ነው ወይስ በዓመታዊ የመድን መዋጮ ላይ የሚጨመር? የሚከፍለው ታካሚው ነው ወይስ ቤተሰቡ? አንዱን ይምረጡና ለሁሉም ታካሚ ያንኑ ያቅርቡ። ገንዘቡን የሚይዘው ሌላ የቤተሰብ አባል ከሆነ ይህን የሚያሳይ ጥያቄ ይጨምሩ።

ደረጃ 5፦ የጥያቄውን ቅርጽ ይምረጡ

ክፍት ጥያቄ («ቢበዛ ስንት ይከፍላሉ?») ለመጠየቅ ይቀላል፤ ለመመለስ ግን ይከብዳል። ሰው በሕይወቱ የሚያውቀው የተነገረውን ዋጋ መቀበል ወይም መተው ነው፤ ስለዚህ ክፍት ጥያቄ ብዙ ዜሮዎችና ብዙ «አላውቅም» ያመጣል። ከመነሻ ዋጋ ተነሥቶ ከፍና ዝቅ እያሉ መጠየቅ ደግሞ ታካሚውን በመነሻው ዋጋ ላይ ያስረዋል፤ ከ50 የተነሣና ከ200 የተነሣ ሁለት የተለያየ ቦታ ይደርሳሉ። የዋጋዎች ዝርዝር ያለበት የክፍያ ካርድ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ራሳቸው መልሱን ይስባሉ፤ ማንበብ ለማይችልና እይታው ለደከመ ታካሚም አይመችም።

እኔ የምመክረው አንድ ዋጋ አቅርቦ «ይከፍላሉ ወይስ አይከፍሉም?» ብሎ መጠየቅን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ያሰባሰበውና በኬኔት አሮውና በሮበርት ሶሎው የተመራው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ዘገባ ያሳሰበውም የአዎ ወይም የአይደለም ጥያቄን፣ በአካል የሚደረግ ቃለ መጠይቅንና መላሹ ገንዘቡ ለሌላም ነገር እንደሚያስፈልገው ማስታወስን ነው። ቡድኑ የተሰባሰበው ለአካባቢ ጉዳት ካሣ ጉዳይ ቢሆንም ምክሩ ለጤና አገልግሎትም ይሠራል።

ከመጀመሪያው መልስ በኋላ አንድ ተከታይ ጥያቄ ብቻ ይጨምሩ፦ «አዎ» ካሉ እጥፉን፣ «አይ» ካሉ ግማሹን ያቅርቡ። ከዚህ በላይ አይሂዱ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ ታካሚው ዋጋ የሚከራከሩት ይመስለዋል።

ደረጃ 6፦ ዋጋዎቹን በቅድመ ሙከራ ያውጡ

የሚያቀርቧቸውን ዋጋዎች ከጠረጴዛ ላይ አይምረጡ። በዋናው ጥናት ውስጥ የማይገቡ ከ30 እስከ 50 ታካሚዎችን በክፍት ጥያቄ ይጠይቁ፤ መልሳቸውን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ደርድረው ከዚያ ውስጥ 4 ወይም 5 ዋጋ ይምረጡ። ዝቅተኛው አብዛኛው ሰው የሚቀበለው፣ ከፍተኛው ደግሞ ጥቂቶች ብቻ የሚቀበሉት መሆን አለበት። ከዚያም ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚቀርበው ዋጋ በዕጣ ይመደብ፤ ጠያቂው የታካሚውን ልብስ አይቶ ዋጋ እንዳይመርጥ ቅጾቹ አስቀድመው ተቀላቅለው በቁጥር ይታሸጉ።

ስሕተት ከተፈጠረ፦ ዋናው ጥናት ከተጀመረ በኋላ በከፍተኛው ዋጋ ላይም ብዙው ሰው «አዎ» እያለ ከሆነ ሥራውን ያቁሙ። ወይ ዋጋው አንሷል፣ ወይ ሰዎች በይሉኝታ እየመለሱ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ጥቂት ቃለ መጠይቆችን አጠገብ ቁጭ ብሎ በማዳመጥ ነው።

ደረጃ 7፦ የሚጠየቁትን ሰዎች ይምረጡ

በዓይን ክሊኒክ ተሰልፈው ያሉትን ብቻ አይጠይቁ። እነሱ ለመክፈል ወስነው የመጡ ናቸው። በስኳር ሕመም ክትትል ክፍል ይጠይቁ፤ ተመርምረው የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ያስገቡ፤ ቀጠሮ ያቋረጡትንም ከመዝገብ ፈልገው በስልክም ቢሆን ያግኙ፤ በስልክ የተጠየቁትን ግን ለይተው ይመዝግቡ።

በናሙና ብዛት ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ተማሪዎች ለአንድ ምጣኔ የሚሆነውን ቀመር ተጠቅመው 385 ሰው ይበቃል ይላሉ፤ ቁጥሩ በ95 በመቶ መተማመኛ የ5 የመቶኛ ነጥብ ስሕተትን የሚፈቅድ ነው። ነገር ግን 385 ሰው ለ5 ዋጋዎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ዋጋ የሚደርሰው 77 ሰው ብቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ የስሕተቱ ስፋት ወደ 11 ነጥብ ያድጋል። ስለዚህ ወይ የዋጋዎቹን ቁጥር ይቀንሱ፣ ወይ ናሙናውን ይጨምሩ።

ደረጃ 8፦ የቃለ መጠይቁን ቀን ያስተካክሉ

ከምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያግኙ። ጠያቂው ታካሚውን የሚያክመው ባለሙያ መሆን የለበትም፤ ነጭ ጋዋንም አይልበስ። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አልከፍልም» ማለት «ሕክምናዎን አልፈልግም» ማለት ስለሚመስል ታካሚው እሺ ብሎ ይገላገላል።

ጠብታ ከተደረገ በኋላ አይጠይቁ። በአንድ የምርመራ ቀን ያየሁትን ልናገር። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ጠብታ ተደርጎላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ከመስኮቱ ብርሃን ሲሸሽ በነጠላቸው ጫፍ እየከለሉት፣ ጠያቂዋ የፈቃድ ቅጹን እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ማንበብ አልቻሉም፤ ልጃቸው ወስዶ አነበበውና ፈረሙ። «እናቴ፣ 200 ቢሆን ይከፍላሉ?» ስትላቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ እሱም «ትከፍላለች» አለ። በቅጹ ላይ «አዎ» ተብሎ ተመዘገበ። የተመዘገበው የልጁ ፈቃደኝነት ነው፤ እሱም ቢሆን እናቱ ፊት «አንከፍልም» ሊል አይችልም ነበር። አስታማሚው ለጥቂት ደቂቃ ፈንጠር ብሎ እንዲቀመጥ በአክብሮት ይጠይቁ፤ ካልተቻለ ማን እንደመለሰ በቅጹ ላይ የሚሞላ ቦታ ይኑር።

ዋጋውን ከመጥራትዎ በፊት ይህን ያንብቡ፦ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ አንዳንድ ሰዎች ገንዘቡን አሁን ስለማያወጡ እከፍላለሁ ይላሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን አይሆንላቸውም። እርስዎ ለመድኃኒት፣ ለምግብና ለቤት የሚያወጡትን አስበው፣ ገንዘቡን ዛሬ ከኪስዎ እንደሚያወጡ አድርገው ይመልሱልኝ። አልከፍልም ቢሉ የሚጓደልብዎ አገልግሎት የለም።»

ደረጃ 9፦ እያንዳንዱን ዜሮ ምክንያቱን ይጠይቁ

ለሁለቱም ዋጋዎች «አይ» ያለን ሰው «ጥቂትም ቢሆን የሚከፍሉት ይኖራል?» ብለው ይጠይቁ፤ አሁንም «የለም» ካለ «ለምን?» ይበሉና መልሱን በራሱ ቃል ይጻፉ። በኋላ ይመድቡታል። «የለኝም» እና «ከመድኃኒቴ አይተርፍም» የአቅም ዜሮ ናቸው። «ዓይኔ ደኅና ነው» የዕውቀት ወይም የፍላጎት ዜሮ ነው። «ይህን መንግሥት ነው መክፈል ያለበት» እና «ብከፍልም ማሽኑ ተበላሽቷል ትሉኛላችሁ» የተቃውሞ ዜሮ ናቸው፤ ሰውየው ምርመራውን አልናቀም፣ አከፋፈሉን ወይም ተቋሙን ነው ያላመነው።

የተቃውሞ ዜሮዎችን ብዙዎች ከትንተና ያወጧቸዋል። ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ስንት እንደሆኑና እነማን እንደሆኑ ሳይጽፉ አያውጡ። በእኔ ግምት ከጥናቱ ሁሉ ለአስተዳዳሪው የሚጠቅመው መረጃ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል፤ ካሜራው በተደጋጋሚ የሚበላሽ ከሆነ ዋጋ መቀነስ ሰውን አያመጣም። የአቅም ዜሮዎችን ግን በፍጹም አያውጡ፤ እነሱን ማውጣት ድኃውን ከስሌቱ አስወጥቶ ዋጋውን ማስወደድ ነው።

ደረጃ 10፦ ቁጥሮቹን ያስሉ

መጀመሪያ ሶፍትዌር ሳይከፍቱ በመጀመሪያው ጥያቄ በየዋጋው ስንት በመቶ «አዎ» እንዳለ ብቻ ይደርድሩ። ዋጋ ሲጨምር «አዎ» መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ዕጣው ተዛብቷል፣ ወይም ጠያቂዎች በተለያየ መንገድ ጠይቀዋል፣ ወይም በየዋጋው ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ በጠያቂ ለይተው ይመልከቱ።

ለማሳያ ብቻ የተዘጋጀ፣ የየትኛውንም አገር ገንዘብ የማይወክል ስሌት እነሆ። በ50 ዋጋ 80 በመቶ፣ በ100 ዋጋ 55 በመቶ፣ በ200 ዋጋ 30 በመቶ፣ በ400 ዋጋ 10 በመቶ «አዎ» ቢሉ፣ እያንዳንዱን ሰው ከቀረቡት ዋጋዎች ውስጥ በሚቀበለው ከፍተኛ ዋጋ ብቻ በመቁጠር አማካዩ እንዲህ ይወጣል፦ 25 በመቶው 50፣ 25 በመቶው 100፣ 20 በመቶው 200፣ 10 በመቶው 400፣ የቀሩት 20 በመቶ ደግሞ ዜሮ። ድምሩ 12.5፣ 25፣ 40 እና 40 ሆኖ 117.5 ይመጣል። ግማሹ ሰው የሚቀበለው ዋጋ፣ ማለትም ሜዲያኑ፣ በ100 እና በ200 መካከል ሆኖ ወደ 120 ይጠጋል። ከዚህ በኋላ ሎጂት (የ«አዎ» ወይም የ«አይ» መልስን ከምክንያቶቹ ጋር የሚያያይዝ የስታቲስቲክስ ሞዴል) ወይም የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ አንድ ላይ የሚያሰላ ሞዴል ይጠቀሙ፤ ገቢን፣ ርቀትን፣ ሕመሙ የቆየበትን ዘመንና ቀድሞ መመርመርን ያስገቡ። በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ የተሠራው ውጤት ከሁለቱ ከተገኘው በጣም ከራቀ ተከታዩ ጥያቄ መልሱን አዛብቶታል፤ የመጀመሪያውን ይመኑ።

ደረጃ 11፦ ከውጤቱ ወደ ዋጋ ሲሻገሩ ይጠንቀቁ

በዚያው ምሳሌ ከ100 ሰዎች የሚገኘውን ገቢ ያስሉ፦ በ50 ዋጋ 4,000፣ በ100 ዋጋ 5,500፣ በ200 ዋጋ 6,000፣ በ400 ዋጋ 4,000። ብዙ ገንዘብ የሚያስገባው 200 ነው፤ በዚህ ዋጋ ግን ከ100 ሰዎች 70ዎቹ ሳይመረመሩ ይቀራሉ። 100 ተብሎ ቢተመን ገቢው በ500 ብቻ ሲያንስ የሚመረመረው ሰው በ25 ይጨምራል። ሪፖርትዎ ውስጥ ይህን ንጽጽር ከአማካዩ አስቀድመው ያስገቡ፤ አማካዩን ብቻ ያየ ኃላፊ በ117.5 ዋጋ ሁሉም የሚመጣ ይመስለዋልና። ውጤቱን በገቢ ደረጃ ከፋፍለው ያሳዩ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው በየዋጋው ስንት እንደሚቀሩ ለብቻው ይጻፉ፤ ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ ከመድኃኒት የሚቀነስ ከሆነ ያንንም ይግለጹ።

በመጨረሻም ቃሉን በተግባር ይፈትኑ። በተመረጠው ዋጋ ምርመራውን ለአንድ ወር ይክፈቱ፤ «አዎ» ካሉት ውስጥ ስንቱ እንደመጣና እንደከፈለ በመዝገብ ይቁጠሩ፤ ላልመጡት ስልክ ደውለው ያስቀራቸው ክፍያው፣ መንገዱ ወይም ይዟቸው የሚመጣ ሰው ማጣት እንደሆነ ይጠይቁ። የመጡት ቃል ከገቡት በጣም ካነሱ ዋጋውን ከመንካትዎ በፊት በደረጃ 3 የመዘገቡትን ወጪ እንደገና ያውጡና የቀሩት ታካሚዎች ከየት እንደሚመጡ ይመልከቱ።